በመወልወያ እንጨት ላስጀመረኝ አሰልጣኝ

ይህን ጽሁፍ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሰውን በአደባባይ ማመስገን አልለመድኩም። ለማማረር ሲሆን ግን እጄ ፈጣን ነው፤ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት የጂሙን ደረጃ ወጥቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው የብረት መደገፊያውን አለመያዜ ትዝ ያለኝ። ቆም አልኩና ዞሬ ደረጃውን ቁልቁል አየሁት። አሥራ አራት ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

ስለዚህ ነገሩን ከመጨረሻው ልጀምረው። አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ።

53 ዓመቴ ነው። ጂም የገባሁት በፍላጎቴ አይደለም። ወገቤን አሞኝ ሐኪም ቤት ስመላለስ ሐኪሙ «መድኃኒቱን ትቼ ስፖርት ልዘዝልዎት ነው» አለኝ። ቅር እያለኝ ነው ሰፈራችን ካለችው ትንሽ ጂም የተመዘገብኩት። በስድስት ወር ውስጥ ወገቤን ረሳሁት። በዓመቱ 40 ኪሎ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁጭ ብድግ የምል ሴት ሆንኩ። ለማንም አላወራሁም እንጂ ውስጤ በጣም ኮርቶ ነበር።

ከዚያ መጋቢት 2012 ዓ.ም. መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ባወጀ ሰሞን በራችን ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «ለሁለት ሳምንት ተዘግቷል» ይላል። ሁለት ሳምንት! የስፖርት ጫማዬን ሎከር ውስጥ እንደተወሁት ነው የቀረሁት።

የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቤት ውስጥ ጎበዝ ነበርኩ። ሁለት የውሃ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ስልኬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ የምትዘል ልጅ እያየሁ እዘላለሁ። ልጄ በበሩ ስንጥቅ እያየ ይስቃል። ከዚያ በቀን አንዴ የነበረው በሳምንት አንዴ ሆነ። ከዚያ ጠርሙሶቹ ተጠጡ።

ቀጥሎ ራሴ ታመምኩ። ሆስፒታል አላደረሰኝም፣ ተመስገን። ግን ሳሉ ሄዶ ትንፋሼ ሳይመለስ ቀረ። ሳህን አጥቤ ቁጭ እል ነበር። ዘጠኝ ኪሎ ጨመርኩ። ወገቤም ሰላምታ ማቅረብ ጀመረ።

ጂሞች ተከፈቱ ሲባል ደስ አለኝ፤ አልሄድኩም ግን። መጀመሪያ ፈራሁ። ፍርሃቱ ሲለቀኝ ደግሞ አፈርኩ። 40 ኪሎ ስታነሳ የሚያውቋት ሴትዮ እንዲህ ሆና ስትገባ ምን ይላሉ? ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እፍረት ምክንያት አይሰማም። እናም ማንም የማያውቀኝ ቦታ ልሂድ ብዬ ወሰንኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

የገባሁበትን ቦታ ስም አልጠራም። መስታወቱ፣ መብራቱ፣ ሙዚቃው ሌላ ነው። በር ላይ ግንባሬን በሽጉጥ መሳይ ነገር ለኩኝ፤ እጄ ላይ ሳኒታይዘር ረጩልኝ፤ ጫማዬ ሥር ሳይቀር ረጩ። ደስ አለኝ። ውስጥ ስገባ አንድም የተከፈተ መስኮት የለም። ሠላሳ የሚሆን ሰው በዚያ በታፈነ ክፍል ያለከልካል። ለዚህ ነው ጫማዬን ያጠባችሁት?

የተመደበልኝ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ነይ አንቺ» አለኝ። አንቺ! የልጄ ታናሽ ቢሆን ነው። እሺ፣ እሱን እንኳ ልለፈው። ታምሜ እንደነበር አልጠየቀኝም። ስንት ጊዜ እንዳቆምኩ አልጠየቀኝም። «ዝለይ» አለ፣ ዘለልኩ። «ውረጂ» አለ፣ ወረድኩ። ጉልበቴን አመመኝ ስለው «ካላመመሽማ አልሠራሽም ማለት ነው» አለና ቪዲዮ ይቀርጽ ጀመር። ያውም እኔን ሳይሆን ራሱን።

በማግስቱ ብዙም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ግን ሽንት ቤት ለመቀመጥ ሁለት እጄን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ነበረብኝ። ጭኔ ድንጋይ ሆነ። ሐኪም ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሽንቴ ቀለም ነው። ግራ ገባኝ። ሰው ብዙ ጊዜ አቁሞ በአንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ከሠራ ጡንቻው ተጎድቶ ውስጡ ያለው ነገር ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል አለችኝ። ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የእኔ አልጠቆረም፤ ተመርምሬ ነጻ ወጣሁ። ከዚያ ቦታው ደውዬ ነገሩን ስነግራቸው የሰጡኝ መልስ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ነበር። ገንዘብ መልሱልኝ አላልኩም እኮ! ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው የነገርኳቸው።

ሁለተኛው ሙከራዬ በስልክ ነበር። የ30 ቀን ፕሮግራም የምትሸጥ አሰልጣኝ። በየጠዋቱ «ጀግናዬ በርቺ» የሚል መልእክት ይመጣል። በስድስተኛው ቀን በሌላ ሴት ስም ጠርታ አበረታታችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

በመጨረሻ ልጄ ነው «እማ፣ ለምን ወደ ድሮው አትሄጂም?» ያለኝ። ተቆጣሁት። ማክሰኞ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሄድኩ፤ በዚያ ሰዓት ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። ማስኬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ ሻርፕ ደርቤ፣ ሌባ መስዬ።

ያን ደረጃ መደገፊያውን ይዤ ስወጣ አሰልጣኛችን ላይ ሆኖ ወለል እየወለወለ ነበር። ለካ ጽዳቷ በጠዋት ብቻ ነው የምትመጣው፤ በየመሃሉ የሚወለውለው እሱ ራሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። አሁን አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። «ጠፉ»፣ «ወፈሩ»፣ «ምነው»። ከእነዚህ አንዱን።

«እትዬ» አለኝ፣ «ጫማዎ አለ።»

ገብቶ በፌስታል የታሰረ ጫማዬን አወጣልኝ። ስሜ ተጽፎበታል። ሎከሮቹ ሲቀየሩ የሁሉንም ሰው ዕቃ እንዲህ እያሰረ አስቀምጦት ነበር። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ስለ ጫማ ያለቀስኩት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

የዚያን ዕለት ምንም አልሠራንም። አስቀምጦ ጠየቀኝ። መቼ ታመምኩ? ስንት ቀን ተኛሁ? ደረት ላይ የሚወጋኝ ነገር አለ? ልቤ ይመታል? ደረጃ ስወጣ ያዞረኛል? ምን መድኃኒት እወስዳለሁ? እንቅልፍስ? ሐኪም እንኳ እንዲህ አልጠየቀኝም። ሲጨርስ «መጀመሪያ ትንፋሽዎንና ልብዎን ሐኪም ይይልዎት፣ ከዚያ ይምጡ» አለኝ። ልብ በሉ፤ ገንዘብ ይዤ መጥቻለሁ፣ ክፍሉ ባዶ ነው፣ እሱ ግን ሂጂ አለኝ። ያን ቀን ነው ያመንኩት።

በሳምንቱ የሐኪሟን ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። አነበበው፣ አጠፈው፣ መለሰልኝ። ከዚያ «ግራ ጉልበትዎንስ ምን ነካው?» አለኝ። ስለ ጉልበቴ አንድም ቃል አልነገርኩትም። እንዴት አወቅህ ስለው «ሁለቱንም ቀን ደረጃውን ሲወጡ በቀኝ ነው የሚረግጡት፤ ግራው ተከትሎ ነው የሚመጣው» አለ። እኔ በራሴ እግር ላይ አላየሁትም! ከዚያ ስለ አንድ ጡንቻ አስረዳኝ፤ ስሙንም ነገረኝ። ረስቼዋለሁ። ብቻ ጥፋቱ የጉልበቱ ሳይሆን ከበላዩ ያለው ነገር መድከሙ ነው አለኝ።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ነገር ላይ ደረስኩ።

ከእኔ ሌላ ሁለት ወጣቶች መስታወቱ ፊት ቆመው ትልልቅ ብረት ያነሳሉ። እኔ ዓይኔ የድሮው ብረቴ ላይ ነው። አሰልጣኙ ግን ወደ ጥግ ሄደና የመወልወያውን ጨርቅ ከእንጨቱ ላይ ፈታው። ቀይ እንጨት ነው። አምጥቶ ሰጠኝ። «ትከሻዎ ላይ» አለኝ።

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። 40 ኪሎ ባነሳሁበት ቤት፣ በጎረምሶች ፊት፣ የመወልወያ እንጨት! ጥዬው ልወጣ ጥቂት ነበር የቀረኝ። እሱም ያወቀብኝ ይመስለኛል። ምንም አልተናገረም። ተመልሶ ሄደና የመጥረጊያውን እንጨት፣ ሰማያዊውን፣ ፈታ። ትከሻው ላይ አደረገና አጠገቤ ቆመ። ፊት ለፊቴ ቆሞ እያዘዘኝ እንዳይመስላችሁ። ጎኔ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረን፣ እኩል።

የዚህ ልጅ ክንድ የእኔን ጭን ያህላል። በዚያ ክንዱ እንጨቷን ይዞ እንደ እኔ ቀስ እያለ ወረደ። እኔ ግማሽ ላይ ስቆም ግማሽ ላይ ቆመ። ስነሳ ተነሳ። ትንፋሹን ጮክ አድርጎ ያወጣል፤ እኔም ሳላውቀው ተከተልኩት። ስድስተኛው ላይ ደከመኝና አቆምኩ። እሱም ስድስተኛው ላይ አቆመና እንጨቱን አውርዶ ላብ እንዳለው ሰው ግንባሩን ጠረገ።

ከወጣቶቹ አንዱ በመስታወቱ አይቶን «ኮች፣ ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለ።

«ከባዱን» አለው።

ሌላ ምንም አልተባለም። ልጁም አልሳቀም። ሦስት ዙር ሠራን፤ ሦስቱንም አብሮኝ። በኋላ ሳስበው፣ ለሥልጠናው እሱ አጠገቤ መቆም አያስፈልገውም ነበር። እንጨቱን ሰጥቶኝ ከፊቴ ሆኖ ቢያየኝ ጉልበቴን እንዲያውም የተሻለ ያየው ነበር። የቆመው ብቻዬን እንዳልሆን ነው። ተባረክ! ይህን የትኛው ሥልጠና ላይ እንደሚያስተምሩ አላውቅም።

እቤት ስገባ ለልጄ በመጥረጊያ እንጨት አሳየሁት። በሩ ስንጥቅ ላይ ቆሞ ሲስቅብኝ የነበረው ልጅ ቁጭ ብሎ ሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እገባለሁ። ሌሎቹን ቀናት በእግሬ እሄዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንደሚመክር የነገረኝ እሱ ነው። 150 ሲባል ደነገጥኩ። «ለአምስት ቀን ያካፍሉት» አለኝ። ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሠላሳ ደቂቃማ ስልክ ላይም አወራለሁ፤ አሁን እየተራመድኩ አወራለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ልቤ ቀበጠ። ደህና ነኝ፣ ብረት ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። እንቢ አለ። «ሰውነትዎ ቶሎ ያስታውሳል፣ ጅማትና መገጣጠሚያዎ ግን ይዘገያል» አለኝ። ድሮ የሠራ ጡንቻ ከአዲስ ጀማሪ ይልቅ ቶሎ ይመለሳል አሉ። ለምን እንደሆነም በወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሳለ አስረድቶኛል። አልገባኝም። ግን እውነት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት የፈጀብኝ ነገር በወራት እየተመለሰ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ባዶውን ብረት ሰጠኝ። ባዶ ማለት 20 ኪሎ ነው፤ እንዳትንቁት።

ሌላ ሌላውም ደስ ይላል። መስኮቶቹ ዝናብ ካልገባ በቀር ሁሌም ክፍት ናቸው። ማሽኖቹን አራርቋቸዋል። በር ላይ የሚረጭ ሰው የለም፤ የሚጠርግ ጨርቅ ግን በየማሽኑ ላይ አለ። «ትንፋሽ በጨርቅ አይጠረግም፣ መስኮት ነው የሚያወጣው» ይላል። ያን የታፈነ መስታወት ቤት ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

እንከን የለበትም አልልም። የሙዚቃ ምርጫው ይቅርብኝ። የሻወሩ ውሃም ቀዝቃዛ ነው። እና ቆጥሮ ሲያስቆጥር «የመጨረሻ» ካለ በኋላ ሁለት ይጨምራል። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ እዚህም ይመዝገብልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ብወጣም። ጥግ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ብስክሌት ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አዛውንት ነበሩ። ጋዜጣ እያነበቡ ነው የሚነዱት። ላብ ሲያልባቸው አይቼ አላውቅም፤ ጋዜጣውን ግን ይጨርሳሉ። ስመለስ ብስክሌቷ ባዶ ናት። መጠየቅ ፈርቼ ቆየሁ፤ ስጠይቅ ያው የፈራሁትን ነው የሰማሁት። አሰልጣኙ የእያንዳንዳችንን ሥራ በእርሳስ የሚጽፍበት ካርድ አለው፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ በተርታ ይደረደራል። የእኔን ሲፈልግ የእሳቸው ካርድ ከጎኑ ብቅ አለ። «20 ደቂቃ፣ ጋዜጣ» ይላል። አላወጣውም። አየኝና መልሶ ቦታው ላይ ሰካው።

እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ስለዚህ፣ ከወረርሽኙ በኋላ ቤት የቀራችሁ፣ «መጀመሪያ ትንሽ ልክሳና እሄዳለሁ» የምትሉ፣ እንደ እኔ ያፈራችሁ፣ ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ። ኮሮና ይዟችሁ የነበረ ከሆነ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆዩ፣ ከዚያ በቀላሉ ጀምሩ፤ ደረት የሚወጋችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ደግሞ ከጂሙ በፊት ሐኪም ዘንድ። የምትገቡበት ቦታ ያለው አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይጠይቃችሁ «ዝለይ» ካለ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። እኔ አልወጣሁም፤ ግድግዳ ተደግፌ ከረምኩ።

የጂሙን ስም ለምን እንደማልጽፍ ትጠይቁኛላችሁ። እሱ ራሱ ነው የለመነኝ። ቦታዋ ጠባብ ናት፤ ሰው ከበዛ አጠገብ መቆም አልችልም ብሎ ይፈራል። ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ፤ ይህን ደግሞ እንዳላደርግ አልለመነኝም። የሰፈራችን ሰዎች እንደሆናችሁ ከደረጃው ታውቁታላችሁ።

ለአንተም፣ ይህን ካነበብክ፤ እድሜና ጤና ይስጥህ ልጄ። እጅህ ይባረክ። ከስድስት በኋላ ማቆምህን አልረሳውም።

እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነኝ። አሁን እንጨቱ ለማሟሟቂያ ነው። ጽዳቷ መወልወያዋን ፍለጋ ስትዞር ካያችኋት እኔ ዘንድ እንዳለ ንገሯት። እና ቀድማችሁኝ ከደረሳችሁ ሰማያዊውን ውሰዱ፤ ቀዩ የእኔ ነው።